የማዕድ ዳኞች፦ ከእንጦጦ ግብር እስከ ሚሽላን ኮከብ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኞች ከሰጡት ሰፊ ቦታ ነው፤ የኤምባሲው ግቢም በረጃጅም ዛፎቹ ተከልሎ እስከ ዛሬ በዚያው ይገኛል። ከዚህ ሰፈር ወደ ላይ ያለውን ሰንሰለታማ ተራራ ተከትሎ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ደግሞ፣ ንጉሡና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ሳይወርዱ በፊት ከተማቸው የነበረውን የእንጦጦን ቤተ መንግሥትና የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ማዕድን ከረኃብ ማስታገሻነት አልፎ የክብርና የሥርዓት ጉዳይ ያደረጉ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ተራራ ሥር መታሰቢያ አላቸው ማለት ነው። ሁለቱም ለማዕድ መዓርግ ሰጥተዋል፤ ነገር ግን የእኛ አባቶች መዓርጉን የሰጡት ለሚበላው ሰው ሲሆን፣ ፈረንሳውያን በኋለኛው ዘመን የሰጡት ምግቡን ለሠራው ሰው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው፣ ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚሰፍረው ሥርዓት ከየት እንደ መጣና ለእኛ ምን ሊያስተምረን እንደሚችል ለመረዳት የሚሻ አንባቢ፣ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያስተውል መልካም ነው።

በእንጦጦ ራስ የተዘረጋው ማዕድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ተፈጽሞ ታቦቷ በገባች ጊዜ፣ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክና ባለቤታቸው ጣይቱ ታላቅ ግብር አበሉ። የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዚህን ግብር ስፋት ለትውልድ አቆይተውልናል፤ የምግብን ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፉ ለዚሁ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ ከየአገሩ የመጣውን አበሳሰል በአንድ አዳራሽ በማሰባሰብ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ብለን የምንጠራው መልክ እንዲይዝ ጣይቱ ያደረጉትን አስተዋጽኦ አጕልቶ ያሳያል። በሺህ የሚቈጠር ከብት ታርዶ፣ እንጀራው በአገልግል ተጭኖ፣ ጠጁ በጋን ተደርድሮ፣ መኳንንቱና ካህናቱ፣ ወታደሩና ድኃው በየተራው የጠገበበት ያ ግብር፣ ሥራውን የመሩትን ወይዘሮ የአስተዳደር ችሎታ የሚመሰክር እንጂ እንዲሁ የቅንጦት ታሪክ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረኃብ አገሩን ስለ መታ፣ የዚያ ጥጋብ ትዝታ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የከበረ ሆኖ ቀረ።

የግብር ሥርዓት ከምኒልክ ዘመን እጅግ የቀደመ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ነገሥታት ቤተ መንግሥት ለየበዓሉ ምን ያህል እንጀራ፣ ምን ያህል ጠጅና ምን ያህል ሥጋ ለማን እንደሚሰጥ የሚደነግግ «ሥርዓተ ግብር» የሚባል ጽሑፍ ነበረው። በ1942 ዓ.ም. የታተመው የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር»ም የኋለኛውን ዘመን የቤተ መንግሥት ደንብ መዝግቦ ይዟል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁሉም ነገር መዓርግን ይከተላል። ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ መጋረጃው ሲከፈት ታላላቆቹ መኳንንት ይቀመጣሉ፤ እነርሱ ሲነሡ ሁለተኛው ተራ ይገባል፤ በመጨረሻ ወታደሩ ይሞላል። የከብቱ ብልት የትኛው ለማን እንደሚደርስ የታወቀ ነበር፤ የጠጁም ጥራት ከፍ ካለው ወንበር ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ እየቀለለ ይሄድ ነበር። አጋፋሪው ሰውን በየመዓርጉ ያስቀምጣል፣ አሳላፊው ያቀርባል፣ ጠጅ አሳላፊውም ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ አስቀድሞ በመቅመስ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን በጌታው ፊት ያረጋግጣል።

እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቀማሽም፣ ደረጃም፣ የተጻፈ ደንብም ነበረ ማለት ነው። ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወጡን የሠራችውን ሴት ስም የሚጠራ መዝገብ አልነበረም። የእንጀራ ቤቱና የወጥ ቤቱ ሴቶች፣ ጠጅ የሚጥሉትና በርበሬ የሚደልዙት፣ በእሳትና በጭስ መካከል ውለው ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያጠግቡ፣ ዜና መዋዕሉ የተመጋቢዎቹን መዓርግ እንጂ የእነርሱን አልመዘገበም። ባልትናቸው የሚመዘነው በሰው አፍ ነበር፤ «እገሊት ባለሙያ ናት» የሚለው ቃል ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከማኅበር ወደ ማኅበር ይተላለፋል፣ ትውልዱ ሲያልፍ ግን ስሟ አብሮ ያልፋል።

ከድርጎ ወደ ሆቴል

በቀድሞው ዘመን መንገደኛ በገንዘቡ ገዝቶ የሚበላበት የከበረ ቤት አልነበረም። ተራው መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ በደረሰበት ያድራል፤ የንጉሥ ትእዛዝ የያዘው ሹምና የውጭ አገር መልእክተኛ ደግሞ ባላገሩ የሚያቀርብለትን እንጀራ፣ በግና ጠላ በድርጎ ይቀበላል። ይህ ሥርዓት ለእንግዳው ክብር ቢሆንም ለባላገሩ ከባድ ሸክም ነበር። ደግሞም ምግብን ለሽያጭ ማቅረብ በጨዋ ሰው ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፣ ጥሩ የምታበስል ሴት ሙያዋን ለቤቷና ለዘመዶቿ እንጂ ለገበያ አታውለውም ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ለመለወጥ የመጀመሪያውን ታላቅ እርምጃ የወሰዱት እዚያው እንጦጦ ላይ ያን ግብር ያዘጋጁት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት እቴጌ ሆቴል፣ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የሚባለው፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ሆነ። በሽማግሌዎች ሲነገር እንደ ኖረው፣ መኳንንቱ ምግብ በልቶ ገንዘብ መክፈል እንግዳ ነገር ሆኖባቸው በታዩ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጥተው በልተው ሂሳባቸውን በመክፈል ምሳሌ ሆኑ። ይህ ትውፊት በዝርዝሩ የተለያየ መልክ ቢኖረውም፣ የሚያመለክተው የአስተሳሰብ ለውጥ ግን እውነተኛና ጥልቅ ነው። በግብር አዳራሽ ሰው የሚበላው በመዓርጉ ነው፤ በሆቴል ግን ገንዘቡን የከፈለ ሁሉ፣ ራስም ይሁን ነጋዴ፣ ከአንድ ድስት በወጣ ወጥ ይመገባል። ተመጋቢው እኩል ሲሆን ደግሞ፣ ጥያቄው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሳህኑ ይዞራል፤ «ማን ከማን በላይ ተቀመጠ?» መባሉ ቀርቶ «የማን ምግብ ከማን ይበልጣል?» መባል ይጀምራል። ምግብ ቤቶችን የመመዘን ሥራ ሊወለድ የሚችለው ይህ ጥያቄ በተነሣበት አገር ብቻ ነው፤ በፈረንሳይ ግን ይህ ጥያቄ ከእኛ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ከጎማ የተወለደው ኮከብ

በፓሪስ ከታላቁ አብዮት በፊትም ጥቂት ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን አብዮቱ መሳፍንቱን ሲያጠፋና ሲያሰድድ፣ ጌታ ያጡ ብዙ ወጥ ሠሪዎች በራሳቸው ስም ቤት ከፍተው ለሕዝብ ያበስሉ ጀመር። አዲሱ ባለጠጋ ገንዘብ እንጂ የጣዕም ትምህርት ስላልነበረው፣ የት እንደሚበላ የሚነግረው መምህር ፈለገ። ግሪሞ ደ ላ ሬይንየር የተባለው ጸሐፊ ይህን ተመልክቶ፣ ከ1803 እስከ 1812 እ.ኤ.አ. «የበላተኞች አልማናክ» የሚል ስያሜ ያለው ተከታታይ መጽሐፍ አወጣ፤ ቀማሾችንም በጉባኤ ሰብስቦ ነጋዴዎች የሚልኩለትን ምግብ ያስመዝን ነበር። የምግብ ሂስ የሚባለው የጽሑፍ ዘርፍ አባት ተብሎ የሚጠራው ይህ ሰው ነው። ሆኖም ዳኛው ከሚዳኘው ሰው ስጦታ እየተቀበለ ስለ ነበር፣ ፍርዱ ከጥርጣሬ አልዳነም።

ምልክቱ ደግሞ ከሌላ ወገን መጣ። ማሪያና ስታርክ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመችው የመንገደኞች መጽሐፍ፣ ሊታዩ የሚገባቸውን ሥዕሎችና ሐውልቶች በቃለ አጋኖ ቍጥር ትለያቸው ነበር፤ ጀርመናዊው አሳታሚ ካርል ቤዴከር ደግሞ በ1840ዎቹ ይህንኑ አሳብ ይዞ በመጻሕፍቱ ላይ ኮከብን ተጠቀመ። ኮከብ መጀመሪያ የተሰጠው ለሥዕልና ለሕንፃ ነበር፤ ለምግብ የተሰጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ይህን ያደረጉት የምግብ ሊቃውንት ሳይሆኑ ጎማ ሠሪዎች ናቸው። አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1889 ክሌርሞን ፌራን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ የጎማ ኩባንያ አቋቁመው ነበር። በ1900 በመላው ፈረንሳይ የነበሩት አውቶሞቢሎች ሦስት ሺህ አይሞሉም ነበር፤ ወንድማማቾቹም ሰው በአውቶሞቢሉ አብዝቶ ቢጓዝ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ጎማው ሲያልቅም ሌላ ይገዛል ብለው በማሰብ፣ 35,000 ቅጂ ያለው ትንሽ የመንገደኞች መምሪያ አሳትመው በነፃ አደሉ። በመምሪያው ውስጥ ጎማ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ መካኒክና ሐኪም በየት ከተማ እንዳለ፣ ማደሪያ የት እንደሚገኝ ተጽፎ ነበር። በእኛም አገር የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰችው በራሳችን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. መሆኑን ስናስታውስ፣ ያ መምሪያ የታተመበት ዘመን ለፈረንሳይም ቢሆን ምን ያህል ጅምር እንደ ነበረ እንረዳለን።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ የመምሪያው ጠባይ ተለወጠ። በኩባንያው ዘንድ ሲተረክ እንደ ኖረው፣ አንድሬ ሚሽላን ወደ አንድ ጎማ መሸጫ ገብቶ መምሪያዎቹ የሥራ ጠረጴዛ መደገፊያ ሆነው ስላገኛቸው፣ ሰው ዋጋ የከፈለበትን እንጂ በነፃ ያገኘውን አያከብርም በማለት ከ1920 ጀምሮ መጽሐፉ በሰባት ፍራንክ እንዲሸጥ አደረገ፤ ማስታወቂያውም ከውስጡ ወጣ። አንባቢው ዋጋ ሲከፍል መጽሐፉ ለአንባቢው ታማኝ መሆን ነበረበትና፣ ይህ ውሳኔ ከታየው በላይ ትልቅ ነበር። በ1926 ጥሩ ምግብ ላላቸው ቤቶች አንድ ኮከብ መስጠት ተጀመረ፤ በ1931 ሁለትና ሦስት ኮከብ ተጨመረ፤ በ1936ም የደረጃዎቹ ትርጓሜ ታተመ። አንድ ኮከብ በዓይነቱ እጅግ መልካም የሆነ ቤት ነው፤ ሁለት ኮከብ መንገደኛ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሊጎበኘው የሚገባ ነው፤ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእርሱ ተብሎ ብቻ ጉዞ ሊደረግለት የሚገባ ነው። በሁለትና በሦስት ኮከብ ትርጓሜዎች ውስጥ የመንገድ አሳብ እንዳልጠፋ ልብ ይሏል፤ የጎማ ነጋዴው ዓላማ እስከ መጨረሻው ድረስ ከኮከቡ ጋር ተጉዟል።

የሥርዓቱ ኀይል ግን ከኮከቡ ይልቅ በዳኝነቱ ደንብ ላይ ነው። መርማሪው ማንነቱን ሳይገልጥ እንደ ማንኛውም ተመጋቢ ይገባል፤ የበላበትን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ከፍ ያለ ደረጃ ከመሰጠቱ በፊት ሌሎችም መርማሪዎች በተለያየ ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ውሳኔውም በአንድ ሰው ሳይሆን በጉባኤ ይሰጣል። ኮከቡ የሚሰጠው ሳህኑ ላይ ላለው ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ለግብአቱ ጥራት፣ ለአበሳሰሉ ችሎታና ለጣዕሙ ስምምነት፣ ለአብሳዩ የራሱ የሆነ ጠባይ፣ እንዲሁም ያ ጥራት ዛሬም ነገም ሳይለዋወጥ ለመገኘቱ። የቤቱ ውበትና የመስተንግዶው ምቾት ከዚህ ተለይተው፣ በሹካና በማንኪያ ምልክት ለብቻቸው ሲሰፈሩ ኖረዋል። ስጦታ የሚቀበል ዳኛ ፍርድ እንዴት እንደሚጠረጠር ግሪሞ በራሱ ሥራ አሳይቶ አልፏል፤ ሚሽላን ከዚያ የተሻለ እምነት ያገኘው መርማሪው የራሱን ሂሳብ እንዲከፍል በመደንገጉ ነው።

የሊዮን እናቶች

በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ ዘመን ከፍተኛውን ክብር ካገኙት መካከል አንዲቱ ሴት በተለይ ልትታወስ ይገባል። ኤዤኒ ብራዚዬ እ.ኤ.አ. በ1895 በገጠር ተወልዳ፣ እናቷን በሕፃንነቷ አጥታ በሰው ቤት እርሻ በከብት እረኝነት ያደገች፣ ትምህርት ቤትን በወጉ ያላየች ልጅ ነበረች። ወደ ሊዮን ከተማ መጥታ በሰው ቤት ተቀጥራ ማብሰል ጀመረች፤ በዚያች ከተማ «እናት» እየተባሉ የሚከበሩ ወጥ ሠሪ ሴቶች ነበሩና፣ ከእነርሱ አንዷ ዘንድ ሙያውን ከተማረች በኋላ በ1921 የራሷን ትንሽ ቤት ከፈተች። በ1933 መምሪያው በሊዮን ለነበረው ቤቷም፣ ከከተማው ውጭ በኮረብታ ላይ ለከፈተችው ቤቷም ሦስት ሦስት ኮከብ ሰጠ፤ በአንድ ጊዜ ስድስት ኮከብ በመያዝም ከወንድም ከሴትም የመጀመሪያዋ ሆነች። በኋላ በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ፖል ቦኩዝም በወጣትነቱ በእርሷ ወጥ ቤት ያገለገለ ደቀ መዝሙሯ ነበር።

የዚህች ሴት ሕይወት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በእንጦጦ ጕያ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንም በኮተቤም፣ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት አብስለው፣ ልጆቻቸውን በአንድ ምጣድና በአንድ ድስት ያሳደጉ እናቶች ስንት ናቸው! ከተራራው የሚወርደው የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ለብዙ ዘመን የከተማዋን እንጀራ ያበሰለ ማገዶ ነበር፤ እንጨቱን በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱትም፣ እንጀራውን የሚጋግሩትም ሴቶች ነበሩ። ብራዚዬ ከእነዚህ የበለጠችው በሙያ ነው ለማለት ምስክር የለንም፤ በአገሯ ግን ሙያዋን መዝኖ ስሟን የሚጽፍ መጽሐፍ ነበረ።

የኮከቡ መስፋፋትና ሸክሙ

መምሪያው ከፈረንሳይ አልፎ በአውሮፓ ሲስፋፋ ኖሮ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያልታሰበ አገልግሎት ሰጠ። የ1939 እትሙ የከተሞችን ካርታ በጥራት ይዞ ስለ ነበር፣ የአሜሪካ ጦር በዋሽንግተን አሳትሞ በ1944 ወደ ኖርማንዲ ለሚሻገሩት መኰንኖች አደለው። ከዚያም በ2005 ኒው ዮርክ፣ በ2007 ቶኪዮ ደረሰ። እንዲህ እየገነነ ሲሄድ ግን ክብሩ ሸክም ሆነ። በርናር ሉዋዞ የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ አብሳይ በ2003፣ ደረጃውን ሊያጣ ነው የሚል ወሬ በጋዜጣ በሚናፈስበት ወቅት የገዛ ሕይወቱን ማጥፋቱ መላውን የሙያ ማኅበር አስደነገጠ፤ በ2017 ደግሞ ሴባስቲያን ብራስ የተባለው ባለ ሦስት ኮከብ አብሳይ ከመምሪያው እንዲያወጡት በገዛ ፈቃዱ ለመነ። በቅርብ ዘመን እንደ ታይላንድ ያሉ አገሮች የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች መምሪያው ወደ አገራቸው እንዲመጣ ገንዘብ መክፈላቸው፣ መርማሪው ሂሳቡን ይከፍላል በሚለው በጥንቱ ደንብ ላይ አዲስ ጥያቄ አስነሥቷል። ከፋዩ አገር ሲሆን ዳኝነቱ እንዴት ነፃ ሆኖ ይኖራል የሚለው ጥያቄ ገና በአግባቡ አልተመለሰም።

የኢትዮጵያ ማዕድም ከዚህ ሥርዓት ጋር የተገናኘው በስደት አገር ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ መምሪያው በ2016 ሲጀመር፣ በጆርጅታውን የሚገኘው ዳስ የተባለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት፣ በመጠነኛ ዋጋ መልካም ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች በሚሰጠው ቢብ ጉርማን በተባለው ምድብ ውስጥ ስሙ ተጻፈ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በኢትዮጵያ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ማርቆስ ሳሙኤልሰን፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ሳለ በኒው ዮርክ ይመራው ለነበረው አክዋቪት ለተባለው ምግብ ቤት በ1995 ከኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሦስት ኮከብ ተቀብሏል፤ ይህም ከሚሽላን የተለየ፣ ጋዜጣው ከ1960ዎቹ ጀምሮ በራሱ ሂስ የሚሰጠው፣ እስከ አራት የሚደርስ ደረጃ ነው። የአንደኛው ክብር ለእንጀራና ለወጥ የተሰጠ ሲሆን፣ የሁለተኛው የተሰጠው ለስካንዲናቪያ ምግብ ነው። እጅና ምላስ ከየት እንደ ተወለዱ ሳይሆን ምን እንደ ሠሩ መመዘናቸው የዚህ ሥርዓት መልካም ጎን ነው። ይሁን እንጂ ከፍተኛው መዓርግ ገና ለአንድ የእንጀራ ማዕድ አልተሰጠም፤ ሚዛኑ የተሠራው እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ሳህን፣ በየተራ ለሚቀርብለት ምግብ ሲሆን፣ የእኛ ማዕድ ብዙ ሰው ከአንድ ትሪ የሚቆርስበት፣ ብዙ ወጥ በአንድ ጊዜ የሚፈስበት፣ ጕርሻም የሚሰጥበት ነውና፣ በሌላ ሰው ሚዛን ሲሰፈር አንዳች ነገር ከጎኑ ይፈስሳል።

የራሳችን መስፈርት

በአገራችን ኮከብ አልተሰጠም ማለት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር በመሆን ሆቴሎችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚለይ ምዘና አካሂዷል። ይህ መንገደኛው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን እንደሚያገኝ እንዲያውቅ የሚረዳ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን የሆቴል ኮከብ በባሕርዩ ሕንፃውን፣ መኝታውን፣ ደኅንነቱን፣ አገልግሎቱን የሚሰፍር ስለ ሆነ፣ የምግብ አገልግሎት ከመስፈርቶቹ መካከል ቢገባ እንኳ፣ ወጡም እንጀራውም በወግ መብሰሉን አይመሰክርም። አምስት ኮከብ ያለው ሆቴል ሽሮ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ከሚሠራ ሽሮ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የትም ግን አልተጻፈም።

ሳይጻፍ ቢቀርም መስፈርቱ ግን በሕዝቡ ዘንድ አለ። በየካ ሾላ ገበያ ቅቤ የምትገዛ እናት በጣቷ ጫፍ ቀምሳ፣ አሽትታ፣ ለጋውን ከቆየው፣ ንጹሑን ከተቀላቀለው ትለያለች፤ በርበሬውን በቀለሙና በሽታው፣ ኮረሪማውን በክብደቱ ትመረምራለች። እንጀራ ሲቀርብላት ዐይኑ ጥቅጥቅና እኩል መሆኑን፣ ከበታቹ አለመሻከሩንና አለማረሩን፣ እርሾው መጠኑን አውቆ መኮምጠጡን፣ በማግሥቱም ሳይደርቅ መቆየቱን ታያለች። ዶሮ ወጥ ሲቀርብላት ሽንኩርቱ በጊዜና በትዕግሥት ተቁላልቶ ከቅመሙ ጋር አንድ አካል መሆኑን፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አለማለቱን፣ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት በወግ መከፋፈሉን ትመረምራለች። ከመርማሪ የሚጠበቀው ዕውቀት ሁሉ በእጇ ነው፤ የጎደለው ይህን ዕውቀት አሰባስቦ ለሁሉም በአንድ መለኪያ የሚያውል ተቋም ነው።

እንዲህ ያለው ተቋም ቢቋቋም አንዳንድ ነገሮችን ከመነሻው ሊያከብር ይገባዋል። በመጀመሪያ መስፈርቱን አስቀድሞ ለሕዝብ ይግለጥ፤ በተሰወረ ሚዛን የተሰጠ ፍርድ ጥሩም ቢሆን አይታመንም። መርማሪዎቹ ዋጋቸውን ከፍለው፣ ሳይታወቁ፣ በተለያየ ጊዜ ይግቡ፤ በፍስክም በጾምም ይግቡ፤ ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል በሚጾምበት አገር የጾም ማዕድ የፍስክ ታናሽ ሆኖ ሊታይ አይገባውምና። በቅቤ ያልታገዘ ሽሮ፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍት፣ በስናፍጭ የተሰናዳ ጥራጥሬ ለብቻቸው የሚመዘኑበት ምድብ ቢኖር፣ ዓለም ዛሬ ከአትክልት የሚሠራ ምግብ በሚፈልግበት ዘመን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ያሳደገችው ጥበብ ስፍራውን ያገኛል። የጉራጌው ክትፎና ቆጮ፣ የትግራዩ ጥሕሎ፣ የሐረሩም ማዕድ በአዲስ አበባ ሚዛን ብቻ ሳይሆን በተወለዱበት ቤት ዐዋቂዎች ይዳኙ፤ ጣይቱ በእንጦጦ አዳራሽ ያሰባሰቡት ልዩ ልዩ ሙያ በልዩነቱ ሳለ ነው የከበረው። የመስተንግዶው ወግ፣ የእጅ ማስታጠቡ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ መፈላቱ፣ ከጣዕሙ ተለይቶ ለብቻው ይሰፈር። የሉዋዞም ዕጣ እንደሚያስተምረን፣ ደረጃ የሚወርድበት ቤት ምክንያቱ በቃል ወይም በጽሑፍ ተነግሮት የሚታረምበት ጊዜ ይሰጠው፤ ዳኝነት ሰውን ለማነጽ እንጂ ለመስበር አልተሠራምና።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ የሚል ሰው ቢኖር፣ የሚሽላን ታሪክ መልሱን ይሰጣል፦ ከሚመዘነው ሳይሆን ከሚያነበው ይምጣ። መጽሔቶችና ጋዜጦች ሊጀምሩት ይችላሉ፤ የምግብ ዝግጅትን ለወጣቶች የሚያስተምረው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት መስፈርቱን ሊያጠና ይችላል፤ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው ከእንጦጦ ፓርክ ወዲህ ብዙ ጎብኚ ወደ ተራራው ስለሚወጣ፣ ከታች በየሰፈሩ ያሉትን መልካም ማዕዶች የሚያመለክት ትንሽ መምሪያ ለመጀመር የየካና የእንጦጦ አካባቢ ምቹ ስፍራ ነው። ሁሉንም ምግብ በአንድ ጊዜ ለመመዘን መቸኮል አያስፈልግም፤ በእንጀራ ብቻ ቢጀመር ይበቃል፤ እንጀራን መዳኘት የቻለ ሚዛን ለሌላው አያንስምና።

ከሁሉም በላይ ግን በዚያ መጽሐፍ ላይ ከቤቱ ስም ቀጥሎ የምታበስለው ሴት፣ ወይም የሚያበስለው ወንድ ስም ይጻፍ። ሥርዓተ ግብርም ዜና መዋዕሉም ማን የት ተቀምጦ ምን እንደ በላ በጥንቃቄ አስተምረውናል፤ የእኛ ዘመን ድርሻ ማን እንዳበሰለው መመዝገብ ነው። ባልትና በሰው አፍ ብቻ እየተወደሰ፣ ከባለቤቱ ጋር እየተቀበረ እንዳይቀጥል የሚያደርገው እንዲህ ያለው መዝገብ ነው፤ ደረጃውና ኮከቡ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ።